አርሊስ ትቬይት ለወንድሟ ቤት ስትመርጥ

አርሊስ ትቬይት የሰው በረት ስትገባ ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው የላሞቹ ቋንጃ ላይ ነበር። በምዕራብ ዊስኮንሲን ሸለቆዎች ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ከበረት በረት እየዞረች ወተት ስትመረምር ኖራለች። ናሙናውን በትንንሽ ብልቃጥ ትቀዳለች፣ ቁጥሩን ትመዘግባለች፣ ባለቤቱ ስለ ዝናቡና ስለ ልጁ ሠርግ ሲያወራላት "እህም" ትላለች። ዓይኗ ግን ሥራ አይፈታም። ቋንጃዋ የተላጠ ላም ካየች ጉዝጓዙ ሳስቷል። የውኃ ገንዳው ጥግ አረንጓዴ ዝቃጭ ከያዘ ለእንግዳ ተብሎ የታጠበው ወለሉ ብቻ ነው። ላሞቹ ሰው ሲጠጋቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ከሳቡ እዚያ ቤት ዱላ አለ። ይህን ሁሉ አይታ ለማንም አትናገርም፤ የተቀጠረችው ለወተቱ ነው። ሰዉ ግን ያውቃት ነበር። "አርሊስ ምንም አትልም፣ ሁሉን ታያለች" ይላል፣ ግማሹ ሊያመሰግናት፣ ግማሹ ፈርቷት።

ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ዓመት፣ በስድሳ ስድስት ዓመቷ፣ ያ ዓይኗ አንድ ሥራ ተገኘለት። ታላቅ ወንድሟ ኦሪን የመርሳት በሽታ ይዞት ከቆየ በኋላ ድስት ምድጃ ላይ ረስቶ ማድ ቤቱን አቃጠለ። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። አእምሮው ገና ሳይደክም ጠበቃ ፊት የፈረመው ወረቀት ደግሞ እሷን ወኪሉ ያደርጋታል፤ ሌላ የሚጽፈው ሰው አልነበረውም። የአውራጃው ማኅበራዊ ሠራተኛ ደወለችላት።

"ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። የሚኖሩበትን ቤት እርስዎ ይምረጡላቸው። ቢያንስ ሁለት ቦታ አይተው ቢወስኑ ጥሩ ነው" አለቻት።

አርሊስ ስልኩን ዘግታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። እስኪመሽ አልተነሳችም። ማን ቢያያት አዝና ነው ይል ነበር። ደስ ብሏት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለእናታቸው ለጉድሩን ቤት የመረጠው ኦሪን ነበር። ከመኖ ወፍጮው ጀርባ ያለ፣ ሰው ስሙን ትቶ "ጡቡ" የሚለው አሮጌ መጦሪያ አስገባት። በሳምንቱ አርሊስ ልትጠይቃት ስትሄድ መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ ወረቀት አገላብጣ አቀረቀረች።

"ይቅርታ፣ ስምዎ እዚህ ተጽፏል። እርስዎ ሲመጡ እናትዎ ይታወካሉ ይላል።"

ወረቀቱ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይባላል። የመርሳት በሽተኛ መጦሪያ ሲገባ ቤተሰቡ ይሞላለታል። ምን መብላት እንደሚወድ፣ በምን ስም ሲጠሩት ዞሮ እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያስፈራው። በሽተኛው ስለ ራሱ መናገር ስለማይችል ሠራተኛው የሚያምነው ወረቀቱን ነው። ከታች በኩል "ጉብኝታቸው ነዋሪውን የሚያውክ ሰዎች" የሚል መስመር አለው። እዚያ ላይ በኦሪን ጠማማ ጽሕፈት "ልጇ አርሊስ" የሚል ሰፍሯል።

ሌላ አገር ሰው ቢሆን ጠረጴዛውን ይገለብጠው ነበር። የሸለቆው ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር አያውቅበትም። አርሊስ "ምንም አይደል፣ አስቸገርኩሽ" ብላ የጋገረችውን የቴምር ኬክ መቀበያው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ማታ ኦሪንን ጠየቀችው።

"ሐኪሙ ነው ያዘዘው። አንቺን ስታይ ትጮኻለች" አላት።

ሐኪም ካለ አለ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየረቡዑ ኬክ ጋግራ መቀበያው ላይ አስቀመጠች። "እንዴት ናት?" ብላ ትጠይቃለች፤ "ደህና ናቸው" ይሏታል፤ አመስግና ትመለሳለች። መኪናዋ ውስጥ ሆና የእናቷ መስኮት የትኛው እንደሆነ ለመገመት ትሞክር ነበር።

ጉድሩን ሞተች። ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ሲበላ ሮንዳ የምትባል የጡቡ ተንከባካቢ ሳህኗን ይዛ መጣች።

"አርሊስ የምትባይው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አልመጣሽም? ከሰዓት በኋላ በሆነ ቁጥር ካፖርቷን ለብሳ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። አውልቂ ስንላት 'አርሊስ ልትወስደኝ ትመጣለች' ትለናለች።"

"ስታየኝ ትጮኻለች ተብዬ ነው።"

"ጉድሩን?" አለች ሮንዳ። "እሷ ዝንብ ላይ እንኳ የምትጮኽ ሴት አልነበረችም።"

አርሊስ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። "ኬኩንስ ይሰጧት ነበር?"

ሮንዳ ቀላች። "ስኳር አለባት ተብሎ... ሠራተኛው ነበር የሚበላው። ጥሩ ኬክ ነበር።"

ኦሪን በዚያው ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ የድንች ሰላጣ ይበላ ነበር። አርሊስ አየችው። ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላም ዘጠኝ ዓመት ምንም አላለችም። እሑድ እሑድ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ የመዝሙር መጽሐፍ ዘመሩ፤ ገጹን የምትገልጠው እሷ ነበረች። ልደቱ ሲደርስ ካርድ ትልክለታለች። ሰው ቂሟን አያውቅም፣ ኦሪንም አያውቅም። እሷ ግን ከነሽታው ታውቀዋለች።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ቤት እንድትመርጥለት የተጠየቀችው።

ቀድማ የሄደችው ወደ ጡቡ ነው። ሳትደውል ሄደች፣ ያልተጠበቀ መርማሪ ብቻ ነው እውነተኛውን በረት የሚያየው። የሚያስጎበኛት ጎልማሳ ሰውዬ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ነበር። ስለ አዲሱ መጋረጃና ስለ ወርኃዊው የሙዚቃ ዝግጅት አወራላት። እሷ "እህም" አለችና በኪሷ የነበረችውን ትንሽ ደብተር አወጣች።

ከአንድ በር በላይ የጥሪ መብራት በርቷል። ሰዓቷን አየች። ጉብኝታቸውን ጨርሰው በዚያው ሲመለሱ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሆኖታል፣ መብራቱ አሁንም በርቷል። ጻፈችው። የውኃ ብርጭቆዎቹ ሞልተው ተቀምጠዋል፣ ግን የተኛ ሰው እጅ ከማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ። ጻፈችው። አንዲት አሮጊት ብርድ ልብሳቸው ተገልጦ ተረከዛቸው ታየ፤ ተላጧል። ጉዝጓዙ ሳስቷል፣ አለች በልቧ፣ ጻፈችው። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። አሥራ አራቱም አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል።

"ሁሉም ተኝተዋል" አለች አርሊስ።

"ቤታችን ሰላማዊ ነው። የሚረበሽ ሰው ካለ ሐኪማችን ትንሽ ማስታገሻ ያዝለታል" አላት ሰውዬው ኮርቶ።

ሌላ ሰው ይህን ሁሉ ቢያይ ሮጦ በወጣ ነበር። አርሊስ ግን እያንዳንዱን ጉድለት እንደ ዋንጫ ቆጠረችው። እናቷ ካፖርቷን ለብሳ የተቀመጠችበትን በር አይታ፣ ኦሪንን እዚያው በር ሥር በሐሳቧ አስቀመጠችው። ቅጹን ተቀበለች። "ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ፣ ምሳ በልቶ ይየው" አለች።

ሐሙስ ኦሪን ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ፒክአፗ ውስጥ ተቀመጠ። ማን እንደሆነች አላወቃትም። በመልካም ቀኑ እህቱ ናት፤ በሌላው ቀን ደግነት የምታደርግለት አንዲት ሴትዮ ናት። ያን ቀን ሴትዮዋ ነበረች።

"እሜቴ፣ ላስቸግርዎ ነው" አላት። "እናቴን ካዩዋት ለእራት እንደምደርስ ይንገሩልኝ።"

መንገዱ በመቃብሩ አጠገብ ያልፋል። አርሊስ መሪውን ጨበጠች። ለምን ያን ጊዜ እንደተናገረች ራሷም አታውቅም፤ ምናልባት ስላላወቃት ቀሏት ይሆናል።

"አንድ ታሪክ ልንገርህ" አለችው። "አንዲት አሮጊት መጦሪያ ገቡ። ሴት ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ ከለከሏት፤ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ዋሽቶ ስሟን አስከልክሎ ነበር። አሮጊቷ ሁለት ዓመት ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቋት። እየጠበቁ ሞቱ።"

ኦሪን ዞሮ አያት። ሰባ አራት ዓመት የኖረ ፊቱ እንደ ሕፃን ተበላሸ።

"ሁለት ዓመት?"

"ሁለት ዓመት።"

"እሱ ሰው አይደለም" አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። "እንዲህ ያለውን ሰው ከበረት ግንድ ጋር አስሮ መግረፍ ነው። ልጅቷስ? ምን ሆነች?"

"አለች።"

"እንዳትምረው ይንገሯት።"

አርሊስ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመችው። ዘጠኝ ዓመት ሳታውቀው ስትፈልግ የኖረችው ይህን ነበር፤ ኦሪን በደሉን ሰምቶ በገዛ አፉ እንዲፈርድበት። ጡቡ ቢገባ በርግጥ ውኃ ይርቀዋል፣ ተረከዙ ይላጣል፣ ደወሉን የሚሰማው ያጣል። ግን በሁለት ሳምንት አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል። የተኛ ሰው ምን ይሰማል? ለማን ትነግረዋለች? ለምን እንደተቀጣ ሳያውቅ የሚቀጣ ሰው እንደ ታመመ ላም ነው፤ ታዝንለታለህ እንጂ አትበቀለውም።

"ምነው ቆምን?" አለ ኦሪን ዓይኑን እየጠረገ።

"መንገድ ተሳስቻለሁ" አለችና ፒክአፑን አዞረች።

ሁለተኛው ቤት ከአውራ ጎዳናው አጠገብ አዲስ የተሠራ ነው። ኃላፊዋ ማርሲ ኮቫልኪ አባቷ ገበሬ የነበረ፣ ጫማዋ በሥራ ያለቀ፣ ፈጣን ሴት ናት። ሳይደውሉ በምሳ ሰዓት ስለደረሱባት አልተከፋችም፤ አንድ ወንበር ሳበችና ኦሪንን ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ስንት ላም አለህ?" አለው ሽማግሌው ወዲያው።

"አርባ ሁለት።"

"የኔ አርባ ሦስት ናቸው።"

"ከአርባ ሦስቱ ስንቱ ይታለባል?" አለ ኦሪን።

"ያንተ መታለባቸውን በምን አወቅህ?"

ሁለቱም ከበረት ከወጡ ዓመታት ሆኗቸዋል። ሥጋና ድንቹን እየበሉ እስኪጠግቡ ተከራከሩ።

አርሊስ ደብተሯን አወጣች። የጥሪ መብራት ሁለት ደቂቃ። ብርጭቆው እጅ ሥር ነው። ጥፍራቸው የተቆረጠ። ሠራተኛ ሲጠጋቸው ማንም አንገቱን ወደ ኋላ አልሳበም። ሳሎኑ ውስጥ የተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጋዜጣ ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ በገዛ ፈቃዱ።

"ማስታገሻ ትሰጣላችሁ?" አለቻት ማርሲን።

"ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል። እዚህ ያሉት ወንዶች አብዛኞቹ ገበሬ ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ብድግ ብለው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ሐኪሞቹ የማምሻ መረበሽ ይሉታል። እኛ የማለቢያ ሰዓት ነው የምንለው። ባልዲ እንሰጣቸውና ግቢውን አንድ ዙር እንዞራለን፤ ሲመለሱ እራት ይበላሉ።"

"አእምሯቸው ከሁሉ የሚጠራው ስንት ሰዓት ላይ ነው?"

ማርሲ ቀና አለች። "ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰዉ የሚጠይቀኝ ስለ ምንጣፉ ነው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ አራት ሰዓት ገደማ።"

"በደንብ ከተያዘ ስንት ዓመት እንዲህ ይቆያል?"

"ሁለት። እግዜር ካለ ሦስት።"

አርሊስ ያኔውኑ ፈረመች። የሕይወት ታሪኩን ቅጽ ስትሞላ አንድም አልዋሸችም። የቼሪ ኬክ ይወዳል። መብረቅ ይፈራል። ከኦሪን በቀር በሌላ ስም ቢጠሩት ዞሮ አያይም። ጉብኝታቸው የሚያውከው ሰዎች ከሚለው ፊት አንድ ሰረዝ አሰመረች።

"ሁሉም እንደ እርስዎ ዓይነት እህት ቢኖረው" አለች ማርሲ ወረቀቱን እየተቀበለች።

አርሊስ ካፖርቷን ቆለፈች።

ረቡዕን መረጠች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትደርሳለች፣ ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ስለ አየሩ ሁለት ቃል ትናገርና ታሪኩን ትጀምራለች። በየጊዜው እንደ አዲስ ይሰማዋል። በየጊዜው ያለቅሳል፣ ይራገማል፣ ያን ሰው የሚቀጣበትን መንገድ ይፈልጋል። አንድ ረቡዕ ግንድ ላይ ያስረዋል፣ በሌላው ረቡዕ ጥር ላይ ጫማውን አስወልቆ በረዶ ላይ ያቆመዋል። "ልጅቷ እንዳትምረው" ይላል። "አልማረችውም" ትለዋለች። "ጎሽ" ይላል። ወደ ቤቷ ስትነዳ ደረቷ ውስጥ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ያልነበረ ሙቀት ይሰማት ነበር። ሬዲዮም ትከፍታለች።

በአምስተኛው ረቡዕ ታሪኩን ስትጨርስ ኦሪን አላለቀሰም። ትኩር ብሎ አያት።

"ማን ነው እሱ ሰው?" አላት።

ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ለዚህ ነበር የመጣችው።

"ኦሪን ትቬይት" አለችው።

 አውራ ጎዳናው ላይ የወተት መኪና አለፈ፣ በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ ዞሮ ሲያያት የሚያያት ሴትዮዋን አልነበረም።

"አርሊ" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ይዘሻት ልትሄጂ ነበር።"

"አዎ። ይዣት እሄድ ነበር።"

"እሷም ትሄድልሽ ነበር።" ድምፁ የድሮው ድምፁ ሆነ፣ በረቱ ውስጥ የሚያዝበት። "አንቺ በሃያ ዓመትሽ ወጣሽ። እኔ ከጎኗ ሠላሳ ዓመት አለብኩ። ጫማዋን አስርላት ነበር፣ ታውቂያለሽ? ጎንበስ ብዬ ጫማዋን ሳስርላት 'አርሊስ መቼ ትመጣለች' ትለኛለች። ከጭንቅላቴ በላይ አሻግራ እያየች። በየቀኑ።"

"ስለዚህ ጻፍከው።"

"ስለዚህ ጻፍኩት።"

"ካፖርቷን ለብሳ ትጠብቀኝ እንደነበር ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

 የይቅርታ ቃል ብቻ ቀርቶ ነበር፣ አርሊስ ያንን ጠበቀች።

"ዛሬም ቢሰጡኝ እጽፈዋለሁ" አለ ኦሪን።

ከዚያ እጁ ጉልበቱ ላይ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ሰው ቀስ ብሎ ወጥቶ ሄደ። "እሜቴ" አላት፣ "እንባዎ ነው? መሐረብ ላምጣልዎ?"

ሲያውቀው ምን እንደሚሆን ዘጠኝ ዓመት አስባ ነበር። ይወድቃል ብላ ነበር፣ እግሯ ላይ ወይም መሬት ላይ። አውቆ እንደማይወድቅ አላሰበችም። በዚያ ላይ ጫማ ማሰሩን አላወቀችም ነበር፤ ማንም አልነገራትም። ወደ ቤቷ ስትነዳ ያ ጎንበስ ያለ ጭንቅላት አልለቅ አላት። ተናደደችበት። ወንድሟ ይህንንም፣ ቂሟን አጥርታ መያዟንም እንኳ፣ ሊወስድባት ነው። ሬዲዮውን አልከፈተችም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ስትመጣ ማርሲ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት።

"አንዴ ወደ ቢሮዬ ይግቡልኝ።"

ጠረጴዛው ላይ የኦሪን ቅጽ ተዘርግቷል። አጠገቡ እስክሪብቶ።

"ረቡዕ ረቡዕ ምሳ አይበሉም" አለች ማርሲ። "ሌላውን ቀን ይበላሉ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ያለቅሳሉ፣ ለምን እንደሚያለቅሱ አያውቁም። ያለፈው ረቡዕ ደግሞ ጎንበስ ብለው የሰው ሁሉ ጫማ ካላሰርኩ አሉ። ምን እንደሚነግሯቸው ልጠይቅዎ?"

"የቤተሰብ ወሬ ነው።"

ማርሲ ቅጹን ወደ እሷ ገፋችው። እሷም ገበሬ ያሳደጋት ናት፤ ሌላ አልጠየቀችም።

"ነዋሪውን የሚያውክ ጎብኚ ካለ በዚህ መስመር ላይ መጻፍ አለብኝ። ደንቡ ነው። ወኪላቸው ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ ያለ እርስዎ ፊርማ መጻፍ አልችልም። ስለዚህ አስቸጋሪ ነገር ነው የምጠይቅዎ።"

አርሊስ ሰረዙን አየችው። በገዛ እጇ ያሰመረችው ነው፣ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሠራ የሚመስል። እስክሪብቶውን አነሳች። ስሟን በዚያ መስመር ላይ አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ በሌላ ሰው ጽሕፈት፣ በውሸት። አሁን ቢጻፍ እውነት ነው።  ከኮሪደሩ ወዲያ ኦሪንና ሽማግሌው ስለ ላሞቻቸው ሲጨቃጨቁ ይሰማል፤ ኦሪን አርባ አምስት አድርሷቸዋል።

እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

"ምሳ ስንት ሰዓት ያበቃል?"

"ሰባት ሰዓት ላይ።"

"እንግዲያው ከሰባት ሰዓት በኋላ እመጣለሁ።"

"ከሰዓት በኋላ እንደ ጠዋቱ አይሆኑም" አለች ማርሲ ቀስ ብላ። "ነግሬዎታለሁ። አእምሯቸው ይደክማል። ግማሹን ላይሰሙዎት ይችላሉ።"

"አውቃለሁ" አለች አርሊስ። ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችውና ሰዓቷን አየች፤ ገና ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነበረባት። "በልቶ ይስማኝ።"